ኢንጂነሩና ሚስማር የሌለው መሳቢያ

ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ሁለት ዓይነት ባል ይታያል፦ ስልክ የሚያነሳና እጅጌውን የሚሰበስብ። የስልክ አንሺው ሚስት ደረቅ ወለል ይኖራታል። የእጅጌ ሰብሳቢው ሚስት ደግሞ ባልዲ ይኖራታል፤ ባልዲውም ቀስ በቀስ የቤት ዕቃ ይሆንና እንግዳ ሲመጣ እንደ ቤተሰብ «ጠጋ በሉለት» ይባልለታል። እጅጌ ሰብሳቢው በየሰፈሩ፣ በየግቢው፣ በየፎቁ አለ። አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ከሌለ ከጎረቤት ፈልገው፤ ከጎረቤትም ካጣኸው ምናልባት አንተው ነህ።

የዚህን ወገን አለቃ፣ ክቡር ኢንጂነሩን፣ ከሚስቱ ከልብስ ሰፊዋ በላይ የሚያውቀው የለም። ኢንጂነር ያለው ሰፈሩ ነው እንጂ ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ዕድሜውን የፈጀው የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ነው። ምህንድስና የሚማሩትን ልጆች ግቢያቸው በር ላይ ሲያወርድ ሲጭን ትንሽ ሳይጋባበት አልቀረም ትላለች ሚስቱ። ጡረታ በወጣ ሰሞን ለራሱ መዶሻ ገዛ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከዚያ ቤት የተበላሸ ዕቃ ወደ ውጭ አልወጣም፣ ባለሙያም ወደ ውስጥ አልገባም።

«ለዚህ ደግሞ ባለሙያ ይጠራል?» ይላል። ጥያቄ ይምሰል እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ አዋጅ ነው። ስለ ቧንቧ ብሎታል፣ ስለ ምድጃ ብሎታል፣ ስለ ጣሪያ ብሎታል። አንድ ጊዜ ስለ ገዛ ጥርሱ ብሎት ፒንሳ ሲያነሳ ልጁ ናት እጁን ይዛ ያስቆመችው።

የእጁ ሥራ በቤቱ ሁሉ ይታያል። የመኝታ ቤቱ በር የሚከፈተው በትከሻ ከፍ አድርገው ወደ ግራ ሲገፉት ነው፤ የቤቱ ሰው ሳያስበው ያደርገዋል፣ እንግዳ ግን ከውስጥ ሆኖ ይጣራል። የጓዳው ማብሪያ የሚያበራው የመታጠቢያ ቤቱን መብራት ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ማብሪያ ምን እንደሚያበራ እስካሁን አልተደረሰበትም፤ ከጎረቤት አልፎ አልፎ ቅሬታ ይመጣል። ሳሎን ውስጥ ደግሞ አንዲት ወንበር አለች። ልብስ ሰፊዋ የማትወደው ሰው ሲመጣ «እዚህ ጋ ይመችዎታል» ብላ እሷን ነው የምታሳየው።

እሷ በበኩሏ አንድ የተደበቀ ምኞት ነበራት። ባሏ እህቱን ሊጠይቅ ወጣ ሲል አንድ አናጢ፣ አንድ ቧንቧ ሠራተኛና አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ በአንድ ጊዜ አስገብታ፣ በሩን ከኋላቸው ዘግታ፣ ሁሉን ነገር አሠርታ መጨረስ ነበር የምትመኘው። ይህን ለልጇ ስትነግራት ወዳጅ ያስቀመጠች ሚስት ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። ግን አላደረገችውም። ባሏ ሲወጣ ቤቱ ጭር ይልባታል፤ ሰው ለመጥራትም እጇ አይነሳም።

ነገሩ የተጀመረው በስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ መሳቢያ ነው። ጠረጴዛው አሮጌ ነው፤ ሙያውን ካስተማረቻት ሴት የተረከበችው። በመሳቢያው ውስጥ ክሯ፣ ጠመኔዋ፣ ቁልፏና መርፌዋ ይቀመጣል። አንድ ቀን ሲሳብ ትንሽ ላላ አለና ለራሷ «ምን ሆነ ደግሞ ይሄ» አለች። ስህተቷ ጮክ ብላ መናገሯ ነበር። ኢንጂነሩ ሰማ።

«ላጠንክርልሽ» ብሎ በኪሱ ሙሉ ሚስማር ይዞ መጣ። ማጠንከሩን ጀመረ። ሁለተኛው ሚስማር ላይ ያ የደረቀ ሳንቃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጠቀና መሳቢያው እንዳለ ተበታተነ፤ ክሩም እየተንከባለለ ከየወንበሩ ሥር ገባ። ኢንጂነሩ ጥፋቱ የእንጨቱ መሆኑን ሊያስረዳ አንዱን ስባሪ አንስቶ አፉን ሲከፍት ዓይኑ ስባሪው ላይ ቀረ።

ያነሳው የመሳቢያውን ማዕዘን ነበር። ሁለቱ ሳንቃዎች የተያያዙት በሚስማር አልነበረም። ጫፎቻቸው እንደ ጥርስ ተፈልፍለው እርስ በርሳቸው ተነካክሰዋል። እያንዳንዱ ጥርስ ወደ ጫፉ ሰፋ፣ ወደ ሥሩ ጠበብ ስለሚል፣ አንዴ ከገባ በኋላ ቢጎትቱት አይወጣም። አናጢዎች የእርግብ ጅራት ይሉታል። ኢንጂነሩ ያዘና ጎተተው፣ አልወጣም። አዙሮ ጎተተው፣ አልወጣም። ሳንቃው መሀሉ ላይ ተሰንጥቆ ማዕዘኑ ግን እንዳለ ነበር።

«ሚስማር የለውም» አለ ዝግ ብሎ።

አፈረ። ሚስቱ ብዙ ነገር ሲሰብር አይታዋለች፣ ሲያፍር ግን ያን ዕለት ነው ያየችው። ሲመሽም መሳቢያውን እንደነበረ አድርጎ፣ ያለ ሚስማር፣ በእጁ እንደሚሠራላት ነገራት። እሷም ከመጠምጠም መማር ይቅደም ልትለው አሰበችና ፊቱን አይታ ተወችው።

መማሩስ መልካም፤ ግን ኢንጂነሩ የማይጠይቅ ሰው ነው። ከዋናው መንገድ ዳር የአንድ አናጢ ሱቅ አለ። ኢንጂነሩ ጠዋት ጠዋት እየሄደ ከሱቁ ፊት ለፊት አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ይቆማል። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስጠብቅ የኖረ ሾፌር የማይመጣ አውቶቡስ ሲጠብቅ ማየት ለሚያውቁት ሁሉ ግርም የሚል ነበር። አናጢው ወንበር ቢያወጣለት «የለም፣ ሰው ቀጥሬ ነው» ይለዋል። እንዲህ ቆሞ እንጨቱ በሞርሳ እንዴት እንደሚያዝ፣ በእርሳስ እንዴት እንደሚሰመር፣ በመጋዝ ከተቆረጠ በኋላ በመሮ እንዴት እንደሚፈለፈል አጠና። ልጁ ደግሞ በስልኳ አንድ ጎበዝ ሰውዬ ሲሠራ ስታሳየው እስከ መጨረሻው አየና «ይሄኛውም ቢሆን ይሞክራል» አለ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ በማዕዘን ተሞላ። የመጀመሪያው ማዕዘን የላላ ነበር፤ ጥርሱ እንደ ወላለቀ ሽማግሌ አፍ ነፋስ ያስገባል። በሌላው ላይ መሮውን ስሎ፣ ላቡን እየጠረገ ሲፈለፍል ውሎ መቅረት ያለበትን ጥርስ አንድ በአንድ አውጥቶ፣ መውጣት ያለበትን ትርፍ አሳምሮ አስቀረው። ለጥፋቱ ምክንያት አላጣም። እንጨቱ እርጥብ ነው፣ መጋዙ የውሸት ነው፣ ብርሃኑ በተሳሳተ በኩል ይመጣል፣ የጎረቤት ሬዲዮ ሐሳብ ይበትናል። ከሚሠራበት ጓሮ ሰጋቱራው በመስኮት፣ በበር፣ በአየር እየገባ የደንበኛ ጥቁር ቀሚስ ላይ ያርፋል፤ ልብስ ሰፊዋ ከስፌቱ ይልቅ ማራገፉ ሥራ ሆነባት።

ጥፋቱ የት እንደሆነ ሚስቱ ከገባት ቆይቷል። ኢንጂነሩ የሚቆርጠው በእርሳስ ያሰመረው መስመር ላይ ነው። መጋዝ ደግሞ ውፍረት አለውና መስመሩን ይበላዋል፤ የተበላውን ያህል ክፍተት ይቀራል። ጨርቅም እንዲሁ ነው፤ የጠመኔውን መስመር የሚበላ መቀስ ልብስ ያጠባል። ግን ይህን ለኢንጂነሩ ማን ይነግረዋል? ሰው የነገረውን ነገር ማድረግ ተፈጥሮው አይፈቅድለትም። ስለዚህ ለልጇ ደወለችና በሩን ክፍት ትታ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ስትቆርጪ መስመሩን አትንኪው፣ መስመሩ ለሚቀረው ነው፣ የሚቆረጠው ከጎኑ ነው እያለች መምከር ጀመረች። መቀስ ይዛ የማታውቀው ልጅ መጀመሪያ እናቷን ምን ነካት ብላ ደነገጠች። በኋላ ገባትና «እሺ እማዬ፣ ከጎኑ፣ ከጎኑ» እያለች አጀበቻት።

በማግስቱ ኢንጂነሩ ደረቱን ነፍቶ መጣና ብዙ አናጢ የማያውቀው ምስጢር ላይ እንደደረሰ አበሰራት። መስመሩን መብላት ነውር መሆኑን በሰፊው አስረዳት። እሷም እየተደነቀች ተማረች።

አሁን ይገጥማል ብላ ጠበቀች። አልገጠመም። ወለሉን ስትጠርግ ወድቆ ያገኘችውን ቁራጭ ብርሃን ላይ አንስታ አየችው። መጋዙ መስመሩን አልበላም፤ ከጎኑ ነው የሄደው። አካሄዱ ግን ቀጥ ያለ አልነበረም፣ እየተንቀጠቀጠ ነው የወረደው። ልብስ ሰፊዋ ብዙ ጀማሪ አስተምራለች። አለማወቅ እንዴት እንደሚቆርጥ ታውቃለች፤ ይህ አለማወቅ አይደለም። ቁራጩን በሽርጧ ኪስ ከተተችና ከዚያ ቀን ጀምሮ የባሏን እጅ ማየት ያዘች።

ያየችውን ባላየች ትወድ ነበር። ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ሲያርፍ በራሱ ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ሰው ሲገባ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። ሻይ ሲቀዳለት ግማሽ ይበቃኛል ማለት ጀምሯል። የሸሚዙን ቁልፍ የሚቆልፈው በሩን ዘግቶ ነው፤ ብዙ ይቆያል። ታላቅ ወንድሙም እንዲሁ ነበር የጀመረው። እሱም ደብቆ ደብቆ ደረጃ ላይ ወድቆ፣ ሐኪም ዘንድ የደረሰው ሰው ተሸክሞት ነው። ልብስ ሰፊዋ ይህን እያሰበች እንቅልፍ አጣች። ቶሎ ቢታይ መድኃኒት እንዳለው ሰምታለች። ለመታየት ግን መጀመሪያ መናገር አለበት።

አንድ ሁለት ጊዜ እንደ ዘበት ጣል አደረገችበት። እጅህን ሐኪም ቢያየው ምን ይመስልሃል አለችው። «መጋዙ ነው» አለ። ሌላ ቀን ልጃቸው ቀጠሮ ልትይዝለት እንደምትችል አነሳችለት። «ለዚህ ደግሞ ሐኪም ይጠራል?» አለና ወደ እንጨቱ ተመለሰ። ይህን አባባል ሰምታ ያልሳቀችበት የመጀመሪያዋ ቀን ያቺ ናት።

አንድ ከሰዓት በኋላ የመጋዙ ድምፅ ቆመ። ሲቆም አዲስ ነገር አይደለም፤ ኢንጂነሩ አንዴ ቆርጦ ሁለቴ የሚያርፍ ሰው ነው። ግን ቆሞ ቀረ። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ትታ ወደ ጓሮ ወጣች። ባሏ ዱካ ላይ ተቀምጧል። ሳንቃው ሞርሳው ላይ እንደተያዘ ነው፤ መጋዙ መሬት ላይ ወድቋል።

«ያንን አናጢ ጥሪው» አለ፣ ዞር ሳይል።

«የቱን አናጢ?»

«የመንገዱን። ይምጣና ይሥራልሽ። እኔ አልቻልኩም።»

ስንት ዘመን የጠበቀችው ቃል ነበር። ይህን ያለ ዕለት ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ ስትል ኖራለች። አሁን ሲላት ግን አልጣማትም። ትከሻው ጠቦ፣ ጀርባው ጎብጦ፣ ያ ቤት ሙሉ ሲያንኳኳ የሚውል ሰው ተቀምጦ ሰው ጥሪልኝ ሲል፣ ከዚህስ በየቀኑ አንድ ነገር ቢሰብር ይሻለኛል አለች በልቧ።

«እዚህ ቤት አናጢ አይገባም» አለች። እንዲህ ማለቷ እሷንም ገረማት።

«እጄ እኮ ነው። መስመሩን አየዋለሁ፣ እጄ ግን አይሄድልኝም።»

«አውቃለሁ።»

ዞሮ አያት። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ሻዩን ግማሽ ካልከኝ ጀምሮ።»

«አውቀሽ ነው እንዲህ ዝም ያልሽኝ?»

«ዝም አላልኩም፤ መጋዙ ነው ያልከኝ አንተ ነህ። እኔማ ስጠብቅህ ነበር።»

ሚስቱ ጎንበስ ብላ መጋዙን አነሳች፣ በሽርጧ ጠረገችውና ሳንቃው ፊት ቆመች። መጋዝ ይዛ አታውቅም። «በል አሳየኝ» አለችው።

እዚህ ላይ ማንም ያልጠበቀው ነገር ተገኘ፤ ኢንጂነሩ አስተማሪ ሆኖ ወጣ። አንድ ማዕዘን አስተካክሎ ያልገጠመው ሰው፣ እንዴት እንደሚገጠም ግን አንድ ሳይቀር ያውቃል። አትጫኚው፣ የራሱ ክብደት ይበቃዋል ይላታል። ክንድሽ ይሂድ እንጂ አንጓሽ አይታጠፍ ይላታል። ሳንቃው እንዳይነቃነቅ ከኋላዋ ቆሞ በመዳፉ ይጫነዋል። እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ውድ ጨርቅ የቆረጠች ሴት ናትና መስመር አያስፈራትም። የመጀመሪያው ቁርጥ ቀጥ ብሎ ወረደ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ኖሮ እኩል ተነፈሱ።

መፈልፈሉ ላይ ትንሽ ተከራከሩ። መሮውን መያዝ የምትችለው እሷ ናት፤ መዶሻውን ደግሞ እሱ ለማንም አይሰጥም። ልመታሽ እችላለሁ አላት። ጣቷ መተዳደሪያዋ ነው፤ ቢሆንም መሮውን ይዛ ፊቷን ሳታዞር ቆመች። ቀስ እያለ፣ እያነጣጠረ መታ። አንድ ጊዜ አውራ ጣቷን አገኛት። ያለችውን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ጣቷን እፍ እፍ አለላትና ቀጠሉ።

እንዲህ ሲሠሩ ሰነበቱ። ደንበኞች ቀሚሳቸው ሲዘገይ ማጉረምረም ጀመሩ፤ አንዷማ ጓሮ ድረስ መጥታ ልብስ ሰፊዋን መጋዝ ይዛ ብታያት ልብሷን ሳትጠይቅ ተመለሰች። በየማዕዘኑ ላይ ሚስትየዋ በጠመኔ ምልክት ታደርጋለች፤ በእጅ የተፈለፈለ ጥርስ የሚገባው በራሱ ጓደኛ ውስጥ ብቻ ነው፣ ከሌላው ጋር አይስማማም። ልኩንም የለካችው እሷ ናት። ኢንጂነሩ መነጽሩን ቢያደርግም ባያደርግም ሚስቱ ስትለካ አይጠይቅም፤ ለክታ ተሳስታ አታውቅም።

የመጨረሻው ማዕዘን በእንጨት መዶሻ ቀስ እየተመታ ሲገባ ሲጥ የሚል ድምፅ አሰማና እንደታሰበው ተቀመጠ። ያለ ሚስማር። ኢንጂነሩ መሳቢያውን በአንዱ ሳንቃ ብቻ ይዞ ከፍ አደረገው። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ መሳቢያውም አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ማዕዘኑ ግን ንቅንቅ አላለም። እንደያዘው ብዙ ቆየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ሰጋቱራ ገባብኝ አለ፤ ሚስቱም ለዚህኛው ምክንያት አልተከራከረችውም።

አንዱን ጫፍ እሷ፣ አንዱን ጫፍ እሱ ይዘው ወደ ቤት አስገቡትና ከጠረጴዛው ፊት ተንበረከኩ። ገፉት። አልገባም። ገልብጠው ገፉት። አልገባም። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ለካች፣ እንደገና ለካች፣ ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በግራ አንድ ጣት፣ በቀኝ አንድ ጣት ትርፍ አለው። ልኩን ስትወስድ እጇ ዕድሜ ልኳን የለመደውን አድርጓል፤ ለሳንቃው በሁለቱም በኩል ለስፌት የሚሆን ትታለታለች።

«ለስፌት ተውኩለት» አለች። «ለእንጨት፣ ለስፌት።»

ይላግ ቢባል ጥርሱ አብሮ ይላጋል፤ ያ ሁሉ ድካም ሰጋቱራ ሆነ ማለት ነው። ሌላ ይሠራ ቢባል ያ እጅ ሌላ መሳቢያ ይጠብቅ አይጠብቅ ማን ያውቃል። ልብስ ሰፊዋ ባሏን ቀና ብላ ለማየት ፈራች። ኢንጂነሩ መሳቢያውን አየ፣ የጠረጴዛውን አፍ አየ፣ ጠረጴዛውን ዞሮ ከኋላም አየ። እንደ ዳኛ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መሳቢያው ልክ ነው» አለ። «የጠበበው ጠረጴዛው ነው። ጠረጴዛ እንሠራለታለን።»

ሌላ ሴት ብትሆን በዚህ ጊዜ ጫማዋን አድርጋ ወደ ልጇ ቤት ትሄዳለች። ለአንድ መሳቢያ ሲባል ጠረጴዛ መሥራት ምን እንደሆነ ልብስ ሰፊዋ ታውቃለች፤ ሰጋቱራ በክር ላይ፣ ሰጋቱራ በአልጋ ላይ፣ ሰጋቱራ በሻይ ውስጥ ነው፣ ማብቂያ የሌለው። እሷ ግን ደስ አላት። ደስታዋን ሰው አይቶ እንዳይታዘባት ጎንበስ ብላ የወደቀ ክር የምትፈልግ መሰለች።

«እንሠራለታለን» አለች ቀና ስትል። «ግን መጀመሪያ ነገ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። ስንመለስ እንጀምራለን።»

ኢንጂነሩ እጁን ኪሱ ውስጥ ሊከተው አለና ተወው። መሳቢያው ላይ አሳረፈው፣ እንደ ልቡ እንዲንቀጠቀጥ ተወው። ሚስቱ ያን የለመደችውን መልስ ጠበቀች።

«ሐኪሙ ጋ ስገባ» አለ በመጨረሻ፣ «አብረሽኝ ትገቢያለሽ?»

«እገባለሁ» አለችው።